ከሐበሻ ማሳ እስከ ሳራቶቭ ወኅኒ፦ የዘር ሊቁ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወት

ዘመኑ 1919 ዓ.ም ነው። አንድ ሩሲያዊ እንግዳ ከጅቡቲ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ። በዚያን ጊዜ ወደ ሀገራችን የሚመጡ የውጭ ሰዎች የሚሹት ነገር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ለማዕድን ፈቃድ፣ ሌላው ለአደን ይመጣል። ይህ እንግዳ ግን የሚፈልገው በገበሬው ማሳና ጎተራ ውስጥ ያለውን ዘር ነበር። ከየማሳው ጥቂት ዛላ፣ ከየገበያው አንድ እፍኝ እህል እየሰበሰበ፣ በትንንሽ ከረጢት እየቋጠረ፣ የተገኘበትን ስፍራ እየጻፈ ይጓዛል።

ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። ያኔ ዕድሜው 39 ዓመት ነበር፤ በሶቪየት ኅብረት ትልቁን የዕፅዋት ምርምር ተቋም ይመራል። የኋላ ኋላ ከዓለም ታላላቅ የእርሻ ሊቃውንት አንዱ ለመሆን በቅቷል። የሕይወቱ መጨረሻ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው የሚጠበቅ አልሆነም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ የገበሬ ልጅ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከመንደር ወደ ከተማ ገብተው፣ ከታች ተነሥተው የታወቁ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሆነዋል። ልጆቻቸው ግን ወደ ንግዱ አላዘነበሉም። ታናሹ ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ፤ ኒኮላይ ደግሞ በሞስኮ የእርሻ ኮሌጅ ገብቶ ስለ ሰብልና ስለ ሰብል ጠላቶች ተማረ። የመመረቂያ ጽሑፉም አዝርዕትን ስለሚያጠፉ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ነበር። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ የዘረ መልን ሳይንስ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ከነበረው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ሀገሩ ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ታላቅ ጉዞ ያደረገው በእንክርዳድ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1916 በፋርስ የነበሩ የሩሲያ ወታደሮች እንጀራ ከሚሆናቸው ዳቦ የተነሣ ይታመሙ ጀመር፤ ያዞራቸዋል፣ ያሰክራቸዋል። ምክንያቱን እንዲያጣራ ቫቪሎቭ ተላከ። ሄዶ ቢመለከት የአካባቢው ስንዴ እንክርዳድ የበዛበት ሆኖ አገኘው። እንክርዳድ የበዛበት ዱቄት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ገበሬ ማስረዳት አያሻም። ቫቪሎቭ ግን መልሱን ካገኘ በኋላ ወዲያው አልተመለሰም፤ እስከ ፓሚር ተራሮች ዘልቆ የየአካባቢውን ስንዴና አጃ መሰብሰብ ያዘ። በተራራማ ስፍራ፣ በራቁ ሸለቆዎች፣ በከተማ ሰው የማይታወቁ ዓይነተ ብዙ ዘሮች እንዳሉ ያስተዋለው በዚህ ጉዞ ነው።

በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። አብዮት ፈነዳ፤ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ። ዳቦ በጠፋበት፣ ማገዶ ባልነበረበት ወራት ከተማሪዎቹ ጋር ማሳ ይወርድ ነበር። በ1920 እዚያው ሳራቶቭ በተደረገ ጉባኤ አንድ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የሚዛመዱ ሰብሎች በባሕርያቸውም ይመሳሰላሉ። ገብስ ነጭና ጥቁር፣ ጢም ያለውና ጢም የሌለው፣ ገለባው የሚለቅና የማይለቅ ዓይነት ካለው፣ ስንዴም እነዚህን ሁሉ ሊኖሩት ይገባል፤ ዛሬ ያልታየው ነገ በሆነ ሸለቆ ይገኛል። ፈላጊው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች ሐሳቡን የኬሚስትሪው ሊቅ ሜንዴሌቭ ካዘጋጀው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ጋር አነጻጽረውታል።

በሚቀጥለው ዓመት የተግባራዊ ዕፅዋት ቢሮ እንዲመራ ወደ ፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ፣ ተጠራ። ከእርሱ በፊት ቢሮውን ይመሩ የነበሩት ሰው በተስቦ ሞተው ነበር። ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ሠራተኛው ጥቂት ነበር። በዚያው ወቅት በቮልጋ አካባቢ ዝናብ ቀርቶ፣ ጦርነቱም ጎተራውን አራቁቶት ነበርና፣ ሚሊዮኖችን የጨረሰ ረኀብ ገባ። ቫቪሎቭ ወደ አሜሪካ ሄዶ ዘር ሰበሰበ፤ የምርምር ጣቢያዎችን አሠራርም ጎበኘ። ድርቅን የሚችል፣ ብርድን የሚቋቋም፣ ዋግ የማይደፍረው ሰብል ማግኘት ከዚያ በኋላ የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው፣ ሥራው ለአንድ ሰው የሚቻል አለመሆኑን ቫቪሎቭ ገና ከመነሻው መረዳቱ ነው። ሳይንስን ብዙ ጊዜ የምንስለው አንድ ሊቅ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲመራመር አድርገን ነው። የዘር ሥራ ግን እንዲያ አይሆንም። አንድ የስንዴ ዓይነት ለደጋ ይሁን ለቆላ፣ ለጥቁር አፈር ይሁን ለአሸዋማ ለማወቅ በሁሉም ላይ መዝራት ያስፈልጋል፤ ያውም በአንድ ዓመት ሳይሆን ዓመታት እየደጋገሙ። ቫቪሎቭም ተመሳሳይ ዘሮችን ከሰሜኑ በረዷማ ምድር አንሥቶ እስከ መካከለኛው እስያ በረሃ፣ ከመቶ በሚበልጡ ስፍራዎች በአንድ ወቅት አዘራ። የአንዱን ማሳ ውጤት ከሌላው ጋር አስተያየ። ለዚህ መሬት፣ ሠራተኛ፣ ባቡር፣ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ሁሉ ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ መንግሥት ብቻ ነበር። አዲሱ የሶቪየት መንግሥትም ሳይንስ ሀገር ይለውጣል ብሎ ያምን ነበርና አልነፈገውም። በ1929 የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቫቪሎቭ ሆነ። ከእርሱ ሥር ያሉት ጣቢያዎች በመቶዎች፣ ሠራተኞቹ በሺዎች ይቆጠሩ ጀመር።

በ1926 የሰብሎችን መነሻ ስፍራዎች የሚያሳይ ጥናቱን አሳተመ። የአንድ ሰብል ዓይነት እጅግ በዝቶ በሚገኝበት አካባቢ የሰብሉ ጥንተ መኖሪያ አለ ብሎ አሰበ። በዓለም ካርታ ላይም አምስት ስፍራዎችን ለየ፤ ከአምስቱ አንዷ ሐበሻ ነበረች። ሆኖም ሀገሪቱን ገና በዓይኑ አላያትም። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ካርታው ላይ ያስቀመጠውን በማሳ ላይ ሊያረጋግጥ ነው።

ያኔ ሶቪየት ኅብረትና ኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እንግዳውን ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትና ስለ ወደቀው የዛር ቤተ መንግሥት ዕጣ በጥሞና ጠየቁት። የንጉሥ ዙፋን ወራሽና የአብዮት ሀገር ሊቅ ፊት ለፊት ተቀምጠው መነጋገራቸው የዘመኑ ግጥምጥሞሽ ነው። ፈቃዱ ተገኘና ቫቪሎቭ በቅሎ ጭኖ፣ ረዳቶች ቀጥሮ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ወደ ሰሜን አቅንቶ ጎንደርን፣ አክሱምን አልፎ አስመራ ደረሰ።

ያየው ነገር ከጠበቀው በላይ ነበር። በአውሮፓ አንድ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ይዞ ይታያል፤ እዚህ በአንዱ የገበሬ ማሳ ላይ ነጩ፣ ቀዩ፣ ሐምራዊው፣ ጢማሙና ጢም አልባው ተደባልቆ በቅሎ አገኘው። ገብሱም እንዲሁ ነበር። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ደግሞ የዚህች ምድር ልጆች ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠር ናሙና ሰብስቦ ወደ ሌኒንግራድ ላከ። ከዓመታት በኋላም ስለ ሐበሻ ስንዴዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎ በ1931 አሳተመ።

ያ ድብልቅ ማሳ ከስንፍና ወይም ከዕውቀት ማነስ የመጣ አልነበረም። ዝናቡ ቢያጥር ፈጥኖ የሚደርሰው ይተርፋል፤ ዋግ ቢገባ የሚቋቋመው ይቀራል፤ ዘመኑ ቢሠምር ሁሉም ያፈራል። ገበሬው በየዓመቱ ከአውድማው ላይ ዘር የሚሆነውን ሲመርጥ፣ ባለቤቱም በጎተራና በጋን ለይታ ስታስቀምጥ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳያቋርጥ የተሠራ ምርምር ነው። ቫቪሎቭ በየማሳው ያገኘው የዚህን ሥራ ፍሬ ነበር። የእርሱ ስም በዓለም ሲጠራ፣ ዘሩን ከጎተራቸው አውጥተው የሰጡት ሰዎች ስም ግን ዛሬ አይታወቅም።

በኋላ የመጡ ሊቃውንት የቫቪሎቭን ሐሳብ በከፊል አርመውታል። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ፣ ወደ ኢትዮጵያ ግን በጥንት ዘመን ገብተው በተራራውና በገበሬው እጅ እንደበዙ ዛሬ ይታመናል። የዓይነት ብዛትና የትውልድ ስፍራ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህም ቢሆን፣ የት መፈለግ እንደሚገባ ያመለከተው የእርሱ ካርታ ነው።

ቫቪሎቭ ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ ቻይና፣ ወደ ጃፓንና ኮሪያ፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ተጓዘ። በየሀገሩ ወዳጅ ያፈራ ነበር፤ ብዙ ቋንቋ ይናገራል፣ ጥቂት ይተኛል፣ ደብዳቤ ይመልሳል። አሜሪካዊው የዘረ መል ሊቅ ኸርማን ሙለር ሀገሩን ትቶ ለተወሰኑ ዓመታት በቫቪሎቭ ተቋም እስከመሥራት ደርሷል። በ1940 የሌኒንግራዱ ስብስብ 250 ሺህ ያህል ናሙና የያዘ፣ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው የዘር ጎተራ ሆነ።

ክፉው ዘመን የመጣው በረኀብ በኩል ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የስታሊን መንግሥት ገበሬውን ከመሬቱ አንሥቶ በግድ ወደ ኅብረት እርሻ አስገባ። እህሉም በኮታ ይወሰድ ጀመር። በ1932 እና በ1933 በዩክሬን፣ በካዛኽስታንና በቮልጋ አካባቢ ሚሊዮኖች በረኀብ አለቁ። ጥፋቱ ከፖሊሲው የመጣ ነበር፤ መንግሥት ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ማየት አልፈለገም። ሳይንቲስቶቹን ፈጥናችሁ አዲስ ዘር አውጡ ብሎ ያዘ። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው የዝርያ ማውጣት ሥራ በአራትና በአምስት ዓመት እንዲያልቅ ታዘዘ። ስንዴ ግን በትእዛዝ አይደርስም፤ ይዘራል፣ ይታያል፣ ይመረጣል፣ እንደገና ይዘራል።

በዚህ መካከል ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ብቅ አለ። የገበሬ ልጅ ነው፤ ይህም በዚያ ዘመን ትልቅ ክብር ነበር። ዘርን ከመዝራት በፊት አርጥቦ በቅዝቃዜ ማቆየት ምርትን እጅግ ይጨምራል፣ የሰብልንም ባሕርይ ይለውጣል ብሎ ሰበከ። ቫቪሎቭ ራሱ በመጀመሪያ ላይ እንደ አንድ ትጉህ ወጣት ተመልክቶ ደግፎት ነበር። ይህ ስሕተቱ የኋላ ኋላ ዋጋ አስከፍሎታል።

የሁለቱ ሰዎች ልዩነት የሚታየው በአሠራራቸው ነው። ሁለቱም ሰፊ መሬት ተጠቅመዋል። ቫቪሎቭ በመቶ ስፍራ የሚዘራው ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ለመፈተን ነው፤ አንዱ ማሳ እምቢ ካለ እምቢታው ይመዘገባል። ሊሴንኮ ግን ዘዴውን ሳይፈትን በመንግሥት ትእዛዝ በየኅብረት እርሻው አሠራጨ፤ ውጤቱን የሰበሰበውም መጠይቅ ወረቀት እያስሞላ ነበር። አልሠራም ብሎ የሚጽፍ የእርሻ ኃላፊ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ስለዚህ ሠርቷል ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ወረቀት ቁጥሩ ሺህ ቢሆን ከአንድ እውነተኛ ማሳ አይበልጥም።

በ1935 በተደረገ የኅብረት እርሻ ሠራተኞች ስብሰባ ሊሴንኮ ተቃዋሚዎቹን የመደብ ጠላት አስመስሎ ሲናገር፣ በአዳራሹ የነበረው ስታሊን ጮክ ብሎ አወደሰው። ከዚያ ቀን ወዲያ ክርክሩ የሳይንስ ክርክር መሆኑ ቀረ። ቫቪሎቭ በዚያው ዓመት ከአካዳሚው ፕሬዚዳንትነት ተነሣ፤ በ1938 ሊሴንኮ ያን ወንበር ያዘ። በ1937 በሞስኮ ሊደረግ የነበረው ዓለም አቀፍ የዘረ መል ጉባኤ ተሰረዘ። ጉባኤው በ1939 በስኮትላንዷ ኤዲንብራ ሲከፈት ሊቃውንቱ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡት፤ መንግሥቱ ግን እንዲሄድ አልፈቀደለትም። በየሀገሩ ዘር ፍለጋ ሲዞር የኖረው ሰው ከሀገሩ መውጣት ተከለከለ። ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ይታሰሩ ጀመር። እርሱ ግን የተማረውን ሳይንስ አልክድም አለ፤ በየመድረኩም ተከራከረ።

ነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን፣ በካርፓትያን ተራሮች አጠገብ እንደ ልማዱ ዘር እየሰበሰበ ነበር። የጸጥታ ሰዎች መኪና ይዘው መጡና ለአስቸኳይ ጉዳይ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ዕቃውን የተረከቡት የጉዞ ጓደኞቹ በከረጢቱ ውስጥ የዚያን ዕለት የሰበሰበውን የጥንት ስንዴ ዓይነት አገኙ።

ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን ሙሉ፣ ተመረመረ። የቀረበበት ክስ ሰላይነትና የሶቪየትን እርሻ ሆን ብሎ ማበላሸት ነበር። ሐምሌ 1941 ለጥቂት ደቂቃ በቆየ ችሎት ሞት ተፈረደበት። ካርፔቼንኮ፣ ጎቮሮቭና ሌቪትስኪን የመሰሉ የቅርብ ባልደረቦቹም ታስረው ነበር፤ አንዳቸውም በሕይወት አልተመለሱም። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ እስረኞች ወደ ውስጥ ሀገር ተጋዙ። ቫቪሎቭ የተወሰደው ወጣት መምህር ሳለ ወዳስተማረባት ወደ ሳራቶቭ ነው። በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስር ተለወጠ። በወኅኒ ሳለ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ጠፍቷል። በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሊቁ የት እንዳለ ሳያውቅ የክብር አባሉ አድርጎ መረጠው።

ባለቤቱ የሌና ባሩሊና የምስር ዝርያዎች ተመራማሪ ነበረች። ጦርነቱ አፈናቅሏት ከልጃቸው ከዩሪ ጋር በሳራቶቭ ተጠግታ ትኖር ነበር። ባሏ ሞስኮ የታሰረ መስሏት ካላት ላይ ቀንሳ ስንቅ ወደዚያ ትልካለች። እርሱ ግን እዚያው ከተማ፣ ከቤቷ ብዙ በማይርቅ ወኅኒ ውስጥ በረኀብ እየመነመነ ነበር። ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመቱ በወኅኒው ሐኪም ቤት ሞተ። የተቀበረውም በጅምላ መቃብር ነው።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ቆየ፤ በከተማዋ ውስጥም እጅግ ብዙ ሺህ ሕዝብ በረኀብ አለቀ። ተቋሙ መሪው ተወስዶበት፣ ገሚሱ ሠራተኛ ተበትኖ፣ ዘሩ ግን በቦታው ነበር። ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ በየመደርደሪያው ሞልቷል። የቀሩት ተመራማሪዎች መስኮቱን ደፍነው፣ ተራ ገብተው፣ ከአይጥና ከሌባ ይጠብቁት ጀመር። አንድ ሰው ብቻውን ወደ ዘሩ ክፍል እንዳይገባ ሥርዓት አወጡ። ከከተማው ዳር ባለው የፓቭሎቭስክ ጣቢያ የነበረውን የድንች ስብስብ በመድፍ ተኩስ መካከል ቆፍረው አወጡና ወደ ከተማ አስገቡ፤ ክረምት ሲገባ እንዳይቀዘቅዝ ያገኙትን ሁሉ እያነደዱ ጠበቁት።

የሩዝ ስብስብ ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺዎች በሚቆጠር የሩዝ ከረጢት ተከቦ በረኀብ ሞተ። የኦቾሎኒው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሹኪን በጽሕፈት ጠረጴዛው እንዳለ አለፈ። የአጃ ስብስብ ጠባቂዋ ሮዲናም እንዲሁ። ሌሎችም ነበሩ። ልጁን የሚያበላው አጥቶ የዘር እህል ያስቀመጠ ገበሬ፣ ይህ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ትእዛዝ የሚሰጣቸው ቫቪሎቭ በቦታው አልነበረም፤ በሕይወት መኖሩንም አያውቁም ነበር። ስሙን ማንሣት ራሱ ያስጠረጥር ነበር።

ሊሴንኮ በ1948 የዘረ መል ትምህርት በሀገሪቱ እንዲታገድ አደረገ፤ ተጽዕኖው የተሰበረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። የቫቪሎቭ ታናሽ ወንድም ሰርጌይ በ1945 የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ወንድሙን ለገደለ መንግሥት ማገልገሉን የሚነቅፉት አሉ፤ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ብዙ ሊቃውንትን ከመከራ ጠብቋል የሚሉም አሉ። በ1955 የኒኮላይ ቫቪሎቭ ፍርድ ተሻረ። ተቋሙም በኋላ በስሙ ተጠራ።

ሐበሻ ለዓለም ምን ዓይነት ጎተራ እንደሆነች ከቫቪሎቭ ስብስብ ውጭም ታይቷል። በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳ ቢጫ አቀንጫሪ የሚባለውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ በ1950ዎቹ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በሀገራችን በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም እንዲጠበቅ ሠርተዋል፤ ለዚህም በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ዘር በመጋዘን ሲቆይ ያረጃል፤ ካልተዘራ ይሞታል። ስለዚህ በቫቪሎቭ ተቋም ያለው ስብስብ ተራ በተራ ከመደርደሪያው ወርዶ በጣቢያዎቹ ማሳ ላይ ይዘራል፤ ሲደርስ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ደርቆ በአዲስ ከረጢት ይመለሳል። በ1919 ዓ.ም በበቅሎ ተጭኖ ከኢትዮጵያ የወጣው ስንዴና ገብስም የሚቆየው በዚሁ መንገድ ነው።